ውሃው የቆመበት

አባቴ ሁለተኛ ደብተር እንድገዛለት ሲጠይቀኝ የመጀመሪያውን ያበላሸው መስሎኝ ነበር። ሃምሳ ቅጠል ያለው ደብተር ነው የሰጠሁት፤ የሚጻፍበት ደግሞ የሃያ ሰባት ማሳ ስምና ተራ ብቻ ነው። አንድ ገጽ ይበቃዋል፣ ቢበዛ ሁለት።

«ምን አደረግኸው?» አልኩት።

«አለቀ።»

«ስንተኛው ማሳ ላይ ደረስህ?»

«አሥራ አንደኛው ላይ ነኝ።»

እናቴ፣ ወይዘሮ ከፈለች፣ ከጓዳ ሆና ሳቀች። «እሱን ተይው፣ በስተርጅና ደብተራ ሊሆን ነው። ትናንት ላሚቱን የሰው ማሳ አስገብቶ እሱ ግራር ሥር ተቀምጦ ይጽፋል።»

«የሰው ማሳ አይደለም፣ የስሜነህ ነው» አለ አባቴ።

«ስሜነህ ሰው አይደለም?»

«ስለሱ የጻፍኩትን ብታነቢ እንዲህ አትይም ነበር።»

አባቴ ፈንታው የውሃ አባት ነው። ቤታችን ከቆቦ ወደ ሮቢት በሚወስደው አስፋልት በስተግራ፣ በባጃጅ ሩብ ሰዓት ያህል ርቀት ላይ ነው። እኛ ዘንድ ማሳው የሚጠጣው በላዩ ከሚዘንበው ይልቅ ግዳን ተራሮች ላይ ከሚዘንበው ነው። እዚያ ሲጥል እዚህ ደረቁ ወንዝ ድንገት ይሞላል፤ ጎርፉ በግንድና በድንጋይ ተጠልፎ ቦዩ ውስጥ ይገባና ማሳዎቹን በተራ ያጠጣል። ሁለት ሰዓት ቢቆይ ነው። ሃያ ሰባቱንም ማሳ በአንድ ጊዜ አዳርሶ አያውቅም። ስለዚህ የሚቀጥለው ጎርፍ የሚጀምረው ያለፈው ከቆመበት ነው። የቆመበትን አይቶ የሚናገረው የውሃ አባቱ ነው፤ ሌላው ሰው በዚያ ሰዓት ጭቃ ውስጥ ገብቶ የየራሱን ድንበር ሲከፍትና ሲዘጋ ነው የሚገኘው። የውሃ አባቱ «እዚህ ቆመ» ብሎ መሬቱን በዱላው ከመታ በኋላ ክርክር የለም። የቆመበትን የዋሸ የውሃ አባት ግን ዱላውን ያስቀምጣል። ይህ ሲሆን አይቻለሁ የሚል ሰው አላገኘሁም፤ ሕጉን ግን የማያውቅ የለም።

ተራው የተጻፈበት ወረቀት ኖሮ አያውቅም። አባቴ ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው። ባለፈው ዓመት ታሞ ሁለት ሳምንት ደሴ ሲተኛ የቦዩ ማኅበር ሰብሳቢ ካሊድ ሊጠይቀው ሄዶ ነበር።

«አያ ፈንታው፣ አትቀየመኝና አንተ ብትሞት ተራው አብሮህ ሊቀበር እኮ ነው» አለው።

«ሠልስትህን በልቼ እጽፍልሃለሁ» አለ አባቴ።

ያን ጊዜ ቀልድ ነበር። በዚህ ዓመት ሚያዝያ ላይ ግን ካሊድ የምር አደረገው። ግንቦት መጨረሻ፣ ክረምቱ ሳይገባ ቦዩ የሚጠረግበት ቀን አለ፤ ባለማሳዎቹ በሙሉ አካፋ ይዘው ይሰበሰባሉ፣ የውሃ አባቱም ተራውን በቃሉ ይጠራል። ዘንድሮ ከወረቀት እንዲያነብ ተወሰነ።

«እኔ ልጻፍልህ» አልኩት። ከኔዘርላንድ ከተመለስኩ ስምንት ወር ሆኖኝ ነበር። ስለ ውሃ አስተዳደር ተምሬ፣ የመመረቂያ ጽሑፌን ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ትቼ ነው የመጣሁት። ለሚጠይቀኝ ሰው «ለጥናት ነው» እላለሁ።

«እጅ የለኝም እንዴ?» አለኝ።

እጅ አለው። በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ቆጥሯል። የምስክር ወረቀቱ እስከ ዛሬ ሣጥን ውስጥ አለ። ከዚያ ወዲህ ግን ከፊርማ በቀር የጻፈው ነገር የለም።

የሞላውን ደብተር ተቀብዬ አነበብኩት። ፊደሎቹ ትልልቅ ናቸው፤ እያንዳንዱ ለብቻው የቆመ፣ ከጎኑ ካለው ጋር የተጣላ ይመስላል።

«አንደኛ የስሜነህ ማሳ። ስሜነህ አንደኛ የሆነው ቀድሞ ስለመጣ አይደለም። አባቱ ቦዩ ሲቆፈር ድንጋይ እግሩን ሰበረው። ወደ ታች መውረድ ስላልቻለ እዚያው አፉ ላይ ይረስ ተባለ። ስሜነህ ይህን አይነግራችሁም።»

ሌላ ገጽ ገለጥኩ። «ሰባተኛ የታንጉት ማሳ። ታንጉት ውሃ ሲገባላት ትዘፍናለች። ድምፅዋ ጥሩ አይደለም። ቢሆንም ውሃው ሰባተኛው ላይ መድረሱን ከሩቅ የምናውቀው በሷ ነው።» ከ«ጥሩ አይደለም» በፊት «የአህያ ነው» የሚል ተጽፎ ተሰርዟል።

«ይሄን ለምን ሰረዝከው?»

«ውሸት ስለሆነ ነዋ። አህያ እኮ ከሷ ይሻላል።»

ከዚያ ሳቁን ትቶ አጠገቤ ተቀመጠ። «የትናዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሰው ሲጽፍ ሁልጊዜ እንዲህ ነው? የስሜነህን አባት እግር ረስቼው ነበር። ስሙን ስጽፍ ነው ሰውዬው እያነከሰ የመጣው። ይሄን ሁሉ ዓመት የት ነበር?»

እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ወረቀት ፊት ተቀምጬ ማንም አልመጣልኝም። «ሁልጊዜ አይደለም» አልኩት።

ሁለተኛውን ደብተር ገዛሁለት። ጠዋት ከብቶቹን ካሰማራ በኋላ እጁን በሳሙና ይታጠባል፤ ለምግብ እንኳ እንዲያ ሲታጠብ አይቼው አላውቅም። አሮጌ የመስኮት ሰሌዳ ጭኑ ላይ ያደርግና ግራሩ ሥር ይጽፋል። የጻፈውን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። ካልጣመው ይሰርዛል። አንድ ቀን ግማሽ ሰዓት አስቦ ያወጣውን አንድ መስመር ሲሰርዝ አየሁትና አዘንኩለት። ቀና ሲል ግን ፊቱ ላይ ደስታ ነበር።

እኔ ግን ፍርሃት ቢጤ ነበረብኝ። በቃል ያለ ተራ እንደ ሰዉ ይተጣጠፋል፤ የታመመ ሲኖር፣ የሞተበት ሲኖር ይላላል። ከተጻፈ በኋላ ማን ያላላዋል? ይህን ለካሊድ ነግሬው ነበር። «አንቺ የተማርሽው ሁሉ ለምን አይሆንም የሚል ነው እንዴ?» አለኝ።

ለቦይ ጠረጋው አሥር ቀን ሲቀር አባቴ መጻፍ አቆመ። መጀመሪያ እስክሪብቶው ነው አለ። መዳፌ ላይ ሞከርኩት፤ ይጽፋል። ቢሆንም ከቆቦ ሌላ አመጣሁለት። ቀጥሎ ዓይኔ ነው አለ። በአራተኛው ቀን ደብተሩን አልጋው ላይ ትቶት ስለወጣ ገለጥኩት። አሥራ ስምንተኛው ማሳ ሦስት ገጽ ይዟል። አሥራ ዘጠነኛው ባዶ ገጽ ነው። ከባዶው ገጽ በኋላ «ሃያኛ የዋሲሁን ማሳ» ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ዋሲሁን የእናቴ ወንድም ነው። አባቴ ስለሱ ሲያወራ ቢውል አይጠግብም።

በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ ደብተሩን እጄ ላይ አስቀምጦ ወደ ላሚቱ ሄደ። ባዶው ገጽ ሞልቶ ነበር።

«አሥራ ዘጠነኛ የሀስና ማሳ። በዘጠና አራት ክረምት ዝናብ ጠፋ። ጎርፍ ሁለት ጊዜ ብቻ መጣ። የመጀመሪያው የሀስና ማሳ መሀል ላይ ቆመ። አየሁት። ግማሹ ጥቁር ነበር፣ ግማሹ አቧራ። ዋሲሁን አጠገቤ ነበር። ምንም አላለኝም፣ አየኝ ብቻ። አምስት ልጆች ነበሩት። እኔ እስከ ታችኛው ድንበር ሄጄ በዱላዬ መታሁ። ሀስና አያ ፈንታው ግማሹ እኮ ደረቅ ነው አለች። ባልዋ አራጌ ከሞተ አራት ወሩ ነበር። ያየሁትን ነው የተናገርኩት አልኳት። ሁለተኛው ጎርፍ ከዋሲሁን ማሳ ጀመረ። ሦስተኛ አልመጣም።»

ያኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሀስና ማሳዋን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ቆቦ መግባቷን አስታውሳለሁ፤ ለምን እንደገባች ጠይቄ አላውቅም። ዛሬም ገበያው ዳር ሽንኩርትና በርበሬ ትሸጣለች። ለቦይ ጠረጋ ግን በየዓመቱ የራሷን አካፋ ይዛ ትመጣለች።

ምሳ ላይ ሦስታችን ተቀመጥን። እናቴ ገጹን እንዳነብላት አዘዘችኝ። አነበብኩላት። እስክጨርስ አልጎረሰችም።

«እነሱ የሚፈልጉት ዝርዝር ነው፣ አባዬ» አልኩት። «ቆቦ ወስጄ በኮምፒውተር አንድ ገጽ አደርግልሃለሁ። ስምና ቁጥር ብቻ። ይሄን ገጽ ቅደደው።»

እኔ ነኝ «ቅደደው» ያልኩት። አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል፣ ግን ብያለሁ።

እናቴ ወደኔ አልዞረችም። «ወንድሜን ሰው ፊት ልታዋርደው ነው? ከሃያ ሦስት ዓመት በኋላ?»

«ስሙን አልጠራም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«ሃያኛው ማሳ የማን እንደሆነ የማያውቅ አለ? ዱላውንስ? ሠላሳ አንድ ዓመት የያዝከውን ልታስቀምጥ ነው? ያለሱ ምንድን ነህ አንተ?»

ዱላው በሩ ጥግ ተደግፎ ነበር። አባቴ ተመለከተው።

«ዘልዬው ሞከርኩ እኮ፣ ከፈለች» አለ። «ሃያኛውን ጀመርኩ። አልመጣም። ስለ ገዛ ወንድምሽ አንድ መስመር አቃተኝ። ስምንት ማሳ ቀርቶኛል። ልጽፋቸው እፈልጋለሁ።»

ስምንት ማሳ ልጽፍ እፈልጋለሁ ሲል ድምፁ ልጅ ይመስል ነበር። እናቴ ሳህኑን አንስታ ገባች። ለሁለት ቀን አላናገረችውም።

ዝርዝሩን ቆቦ አስትሜ አመጣሁ። አንድ ገጽ፣ ንጹሕ። በጠረጋው ዕለት ጠዋት ለአባቴ ሰጠሁት፤ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። ሁለቱንም ደብተሮች ብብቱ ሥር አየኋቸው። በመንገድ ላይ ምን ሊያደርግ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ገጹን እንዲያነብ አልፈለግኩም፣ ቢተወውም ደስ የሚለኝ አልመሰለኝም።

ሰዉ ቦዩ አፍ ላይ ተሰብስቦ አካፋና ዶማውን ተደግፎ ቆሟል። ዱዓውም ጸሎቱም ተደረገ። እናቴ ከሴቶቹ ጋር ትንሽ ራቅ ብላ ተቀምጣለች፤ ወንድሟ ዋሲሁን ፊት ለፊት ነበር። ሀስና ቦዩ ዳር፣ አካፋዋ ላይ ተቀምጣ ከጫማዋ ጠጠር ታራግፋለች።

አባቴ ወረቀቱን አወጣ። አንደኛ ስሜነህ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ ወረደ። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ አልቻለም፤ የመጀመሪያውን ደብተር ገልጦ ስለ ታንጉት ድምፅ የጻፈውን አነበበ። ሳቁ ወንዙን ተሻገረ።

«እኔን ነው?» አለች ታንጉት። «ቆይ፣ ክረምት ይምጣ፤ ጆሮህ ላይ ነው የምዘፍነው!»

«አያ ፈንታው፣ ዝርዝር ነው ያልንህ እንጂ ወግ አይደለም» አለ ካሊድ፣ እሱም እየሳቀ። «ፀሐይ ሳይበረታ እንቆፍር።»

አባቴ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። አሥራ ስምንተኛን ጠራ። ከዚያ ወረቀቱን አጠፈና ኪሱ ከተተው። ሁለተኛውን ደብተር ገለጠ። ከመጀመሪያው ቃል እስከ «ሦስተኛ አልመጣም» ድረስ፣ ግራሩ ሥር በሚያነብበት ድምፅ አነበበው።

ዋሲሁን አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ ተነሣና የቦዩን ዳር ይዞ ወደ ታች ሄደ። እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

ሀስና ጫማዋን አጥልቃ ተነሣች።

«ጨረስህ?» አለችው።

«ጨረስኩ።»

«ተሳስተሃል።»

አባቴ አያት።

«መሀሉ ላይ አልቆመም። ከቁርቁራው ዛፍ በላይ ነው የቆመው። ከላይኛው ድንበር እስከ ቁርቁራው አርባ እርምጃ ነው፣ ከቁርቁራው እስከ ታችኛው ስድሳ ሁለት። በነጋታው በእግሬ ለክቼዋለሁ፣ ወላሂ። ግማሹ አይደለም የደረቀብኝ፣ ከግማሽ በላይ ነው። ጻፈው።»

«ሀስና...»

«ይቅርታ በለኝ አላልኩህም። እሱን በኋላ ቤት ትመጣና ትለኛለህ። አሁን ጻፈው። ሃያ ሦስት ዓመት ይዤዋለሁ፤ አንተ ደግሞ ያዘው።»

አባቴ ኪሱን ዳበሰ፤ እስክሪብቶ አልነበረም። ካሊድ የራሱን ሰጠው። መዳፉን ጋቢው ላይ ጠረገ፣ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተንበረከከ። «መሀል» የሚለውን ሰርዞ መጻፍ ጀመረ። ዝግ ብሎ ነው የሚጽፈው። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ አንድ ሽማግሌ «ስድሳ ሁለት» ብሎ እስኪጽፍ ጠበቀ።

«እስክሪብቶ ካነሣህ አይቀር የኔንም ድምፅ አርመው!» አለች ታንጉት። የሳቀም ነበር።

አባቴ ተነሥቶ ዱላውን ካሊድ እግር ሥር አጋደመው። ካሊድ ወደ ኋላ ሸሸ። «እኔ አልይዘውም። እኔ ከቢሮ ቢሮ ስንከራተት የምውል ሰው ነኝ።» ሌላም ደፍሮ ያነሣው አልነበረም። ከብዙ ክርክር በኋላ ለዚህ ክረምት ዱላ የሚይዝ አይኑር ተባለ፤ ውሃው የቆመበትን ሦስት ሰው አብሮ አይቶ ይናገር። ካሊድ፣ ስሜነህና ሀስና ተመረጡ።

«እንግዲያው የዘንድሮው ጎርፍ ከቁርቁራው ይጀምር» አለች ሀስና። «ተራዬ ነው።»

«እኔ ምን አጠፋሁ?» አለ ስሜነህ። «አምና ሃያ ሰባተኛው ላይ ነው የቆመው። ዘንድሮ የኔ ነው።»

«አንተማ የአባትህ እግር ያጠጣሃል» አለው አንዱ፤ ወሬው ቀድሞ ደርሷል ማለት ነው። ከቁርቁራው ይጀምር ተብሎ እጅ ሲወጣ የስሜነህም ከወጡት ውስጥ ነበር።

ቁፋሮው ተጀመረ። የአባቴን ድርሻ እኔ ወሰድኩ፤ ገና አንድ ሰዓት ሳልቆፍር እጄ ውሃ ቋጠረ። ወደ ታች ስንወርድ ዋሲሁን ጀርባውን ሰጥቶ ብቻውን ሲቆፍር አገኘነው። የራሱን ጨርሶ የሀስናን ድርሻ እያጋመሰ ነበር። ማንንም ሳያናግር ጨረሰና ወደ ቤቱ ሄደ። እኛ ቤት እስከ ዛሬ አልመጣም። እናቴ በሱ ነገር አሁንም አልፎ አልፎ ታለቅሳለች። አባቴ ያደረገው ትክክል መሆኑን ስጠየቅ ቶሎ አልመልስም።

ዱላው በሩ ጥግ ተመልሶ ቆመ፤ እናቴ አሁን ዶሮ ታባርርበታለች። አባቴ ግን በማግሥቱ እጁን ታጥቦ ግራሩ ሥር ተቀመጠ። ስለ ዋሲሁን ስድስት ገጽ ጻፈ። ዋሲሁን አንድ ጊዜ ጎርፍ የወሰደውን የሰው በሬ ቀንዱን ይዞ እንዴት እንዳወጣው የሚናገረውን ገጽ እናቴ ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ።

የመጀመሪያው ጎርፍ ሐምሌ ስምንት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። ድምፁ ሲሰማ ሁሉም ሮጠ። ሀስና ተደውሎላት ከቆቦ በባጃጅ ደረሰች፤ በርበሬ የነካ እጇን እንኳ አልታጠበችም። እኔ ጭቃ ውስጥ አካፋ ይዤ ነበር። አባቴ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ ቦዩ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ጎርፍ ሲመጣ ተቀምጦ አያውቅም። ጉልበቶቹ እረፍት አጥተው ሲንቀሳቀሱ አያለሁ።

ውሃው ከቁርቁራው ጀምሮ የሀስናን ስድሳ ሁለት እርምጃ ጠጥቶ፣ የዋሲሁንን አልፎ፣ ሃያ ሦስተኛው፣ የፍሬዓለም ማሳ ውስጥ ሲገባ ቀጠነ። ቆመ። ሦስቱ ተመልካቾች ጭቃው ጫፍ ላይ ቆመው ተከራከሩ። ከልማድ የተነሣ ሁሉም ዞሮ አባቴን አየው።

«እኔን አትዩኝ» አለ። «እናንተ ንገሩኝ።»

ሀስና ቀሚሷን ሰብስባ ከፍሬዓለም ላይኛ ድንበር ጀምራ በእግሯ ለካች። «ዘጠኝ እርምጃ» ብላ ተጣራች። ሁለቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። አባቴ ጻፈ።

ከዚያ ቀና አለ። «ጭቃው ቀይ ነው ጥቁር?»

«ምን ያደርግልሃል?»

«ንገሪኝ ብቻ።»

ሀስና ጎንበስ ብላ በእጇ ዘገነች፣ ወደ ፀሐይ አዙራ አየችው።

«ቀይ ነው» አለች። «ውስጡ ግን ጥቁር አሸዋ አለበት። ቆይ፣ ላምጣልህ።»

ጭቃውን በመዳፏ ይዛ ወደ ድንጋዩ ስትመጣ አባቴ ገጹን ገልጦ ይጠብቃት ነበር።